ታኮ ጫማን ጉዳቱን ቀንሶ ለማድረግ፦ ከአመራረጥ እስከ ወለምታ

ስለ ታኮ ጫማ የሚሰጠው የተለመደ የጤና ምክር «ተዉት» የሚል ነው። ምክሩ ስሕተት አለበት ማለት አይቻልም፤ ነገር ግን በሆቴል እንግዳ መቀበያ ቆማ ለምትውል፣ ለእኅቷ ሚዜ ለሆነች ወይም ታኮ ማድረግ ደስ ለሚላት ሴት ብዙም አይፈይዳትም። ታኮ ጫማ በእግር፣ በጉልበትና በጅማት ላይ የሚያደርሰው ጉዳት በአመዛኙ የአራት ነገሮች ድምር ነው፤ እነርሱም የታኮው ቁመት፣ የጫማው ፊት ጥበት፣ በቀን ውስጥ ተደርጎ የሚዋልበት ሰዓትና ልማዱ የቆየበት ዘመን ናቸው። ከአራቱ አንዱን መቀነስ እንኳ ልዩነት ያመጣል፤ ሁለት ሦስቱን የቀነሰች ደግሞ ታኮዋን ጨርሶ ሳትጥል ብዙውን ችግር ልታቃልል ትችላለች።

ክብደቱ ወዴት ይሄዳል

በእያንዳንዱ እግራችን፣ ከቁርጭምጭሚት እስከ ጣት ጫፍ ድረስ፣ 26 አጥንቶች አሉ። በባዶ እግር ቀጥ ብለን ስንቆም ከክብደታችን ትልቁን ድርሻ የሚሸከመው ተረከዝ ነው፤ ለዚህም ወፍራም አጥንትና ከሥሩ ግጭት የሚያበርድ የስብ ንጣፍ ተሰጥቶታል። ተረከዙ በታኮ ከፍ ሲል ግን ክብደቱ ወደ ፊት ይንሸራተትና ከጣቶች ሥር በሚገኙት የአምስቱ ረጃጅም አጥንቶች ጫፍ ላይ ያርፋል። እ.ኤ.አ. በ1992 የታተመ ጥናት ይህን ለክቶት፣ በፊተኛው የእግር ክፍል ላይ የሚያርፈው ግፊት በ2.5 ሳንቲሜትር ታኮ 22 በመቶ፣ በ5 ሳንቲሜትር 57 በመቶ፣ በ7.5 ሳንቲሜትር ደግሞ 76 በመቶ እንደሚጨምር አሳይቷል። ከእነዚህ ቁጥሮች ውስጥ ትልቁ ዝላይ ከ2.5 ወደ 5 ሳንቲሜትር ሲወጣ የሚታየው ነው። ስለዚህ «የእኔ እኮ መካከለኛ ታኮ ነው» ብሎ መዘናጋት አይገባም፤ መካከለኛ የሚባለውም ቢሆን ቀኑን ሙሉ ከተደረገ ከጣቶች ሥር የሚሰማውን ማቃጠል ለማምጣት ይበቃል።

ጉልበትን በተመለከተ ብዙ ጊዜ የሚጠቀሰው በ1998 (እ.ኤ.አ.) በ20 ጤናማ ሴቶች ላይ ተደርጎ ላንሴት በተባለው የሕክምና መጽሔት የወጣው ጥናት ነው። ተመራማሪዎቹ ሴቶቹ በባዶ እግርና በታኮ ሲራመዱ አነጻጽረው፣ በታኮ ሲሄዱ በጉልበት ውስጥ፣ በተለይም በሎሚው አጥንት ሥርና በመገጣጠሚያው የውስጥ ጎን፣ የሚፈጠረው ኃይል በአማካይ 23 በመቶ ገደማ ከፍ እንደሚል አገኙ። እነዚሁ ተመራማሪዎች ከሦስት ዓመት በኋላ ሰፊ ታኮ ያለውን ጫማ ሲለኩ ጉልበት ላይ ያለው ጫና አልቀነሰም። ወፍራም ታኮ ሚዛን ለመጠበቅ ይረዳል፣ ወለምታንም ይቀንሳል፤ ጉልበትን ግን አያድንም። ይህ ተጨማሪ ጫና ዓመታት ሲቆጠሩ የጉልበትን ልም አጥንት አሳስቶ ኦስቲዮአርትራይተስ የሚባለውን ሕመም በቀጥታ ያመጣል ብሎ በእርግጠኝነት የሚያረጋግጥ የረጅም ጊዜ ጥናት የለም። ይሁን እንጂ ጉልበቷን ቀድሞውኑ የሚያማት ሴት ማረጋገጫው እስኪመጣ የምትጠብቅበት ምክንያት አይታየኝም።

የወገብ ነገር ደግሞ በብዙ ጽሑፎች እንደሚባለው ቁርጥ ያለ አይደለም። ታኮ የወገብን የተፈጥሮ ጉብጠት ያባብሳል የሚለው አባባል በሁሉም ልኬት አልተረጋገጠም፤ በአንዳንዶቹ ላይ ጉብጠቱ ከመጨመር ይልቅ ቀንሶ ተገኝቷል። በታኮ ለረጅም ሰዓት ከቆሙ በኋላ ወገብ ላይ የሚሰማው ድካም እውነተኛ ነው፤ መንስኤው ግን ከአከርካሪ ቅርጽ ይልቅ ሚዛን ለመጠበቅ ሲባል ሳይታረፍ የሚሠራው የጀርባ ጡንቻ ሊሆን ይችላል።

በእኔ ግምት ከቁመቱ ባልተናነሰ የሚጎዳው የጫማው ፊት ሹልነት ነው፤ የሚወራለት ግን ትንሽ ነው። ክብደቱ ወደ ፊት ሲንሸራተት ጣቶች ወደ ጠባቡ ጫፍ ይገፋሉ፤ አውራ ጣት ወደ ሌሎቹ ይታጠፋል፣ ከሥሩም ያለው መገጣጠሚያ ወደ ውጭ ተገፍቶ ጉብ ይላል፣ ሁለተኛውና ሦስተኛው ጣት ቦታ አጥተው እንደ መንጠቆ ይቀለበሳሉ። የአውራ ጣት ጉብታ በዘር የሚወረስበት ሁኔታም ስላለ ጥፋቱን ሁሉ በጫማ ማላከክ ተገቢ አይሆንም፤ እናትዎ ወይም አያትዎ ጉብታው ካለባቸው ግን ሹል ጫማ ለእርስዎ ከሌላው ሰው ይልቅ አደገኛ ነው።

ከመግዛትዎ በፊት የሚደረግ ልኬት

እ.ኤ.አ. በ1993 በአሜሪካ 356 ሴቶች ተጠንተው 88 በመቶዎቹ ከእግራቸው ያነሰ ጫማ ሲያደርጉ ተገኝተዋል። ለዚህ አንዱ ምክንያት አብዛኛው ሰው ጫማ የሚገዛው በቁጥር መሆኑ ነው። 38 ቁጥር በአንዱ ፋብሪካ ፎርማ ሰፊ፣ በሌላው ጠባብ ሊሆን ይችላል፤ ቁጥሩ ስለ ርዝመቱ እንጂ ስለ ስፋቱ ምንም አይነግርዎትም። ከዚህም በላይ የአዋቂ ሰው እግር በዕድሜና በእርግዝና እየሰፋና እየረዘመ ስለሚሄድ፣ በ20 ዓመትዎ የነበረው ቁጥር በ35 ዓመትዎ ላይሠራ ይችላል።

እግርን በቤት ውስጥ ለመለካት አንድ ወረቀት፣ እርሳስ፣ ማስመሪያና የሚረዳዎት ሰው ይበቃል። ወረቀቱን ምንጣፍ በሌለበት ወለል ላይ ያስቀምጡና ክብደትዎን በሁለቱም እግሮች እኩል ከፍለው ይቁሙበት። ዙሪያውን የሚያሰምረው ሌላ ሰው መሆን አለበት፤ ራስዎ ጎንበስ ካሉ ክብደትዎ ስለሚዛነፍ የእግርዎ ቅርጽ ይለወጣል። እርሳሱ ወደ ውስጥ ሳያዘነብል ቀጥ ብሎ መያዝ አለበት። ሁለቱንም እግሮች ካሰመሩ በኋላ ከተረከዙ ጫፍ እስከ ረጅሙ ጣት ያለውን ርዝመትና ከጣቶች ሥር ያለውን ሰፊውን ቦታ በሳንቲሜትር ይለኩ፤ ረጅሙ ጣት በአንዳንድ ሰዎች ሁለተኛው እንጂ አውራው እንዳልሆነ ያስተውሉ። አንዱ እግር ከሌላው ከበለጠ፣ ብዙ ጊዜም ይበልጣል፣ የሚገዙት ለትልቁ ነው። ይህን ሁሉ ከሰዓት በኋላ ወይም ወደ ማታ ያድርጉት፤ እግር ቀኑን ሲቆምበት ስለሚያብጥ የጠዋት ልኬት ያሳስታል።

ቀጥሎ ጫማውን በሥዕሉ ላይ ያስቀምጡት። የእግርዎ መስመር ከጫማው ጠርዝ ወጥቶ የሚታይበት ቦታ ሁሉ፣ ጫማው ውስጥ ሲገባ የሚጨመቅ ሥጋና አጥንት ነው። በጎን በኩል ጥቂት ሚሊሜትር ብቻ ከሆነና ቆዳው ለስላሳ ከሆነ ሊታለፍ ይችላል፤ የአውራ ጣትና የትንሿ ጣት ግማሽ ከመስመር ውጭ ከቀረ ግን «ሲለመድ ይሰፋል» የሚለውን የሻጭ ቃል አይመኑ። ቆዳ ይሳሳባል፣ ሰው ሠራሽ ሌጦ ግን አይሳሳብም ማለት ይቻላል።

የታኮውን ቁመት ሲለኩ ከኋላ በኩል ከመሬት እስከ ተረከዙ መቀመጫ ያለውን ይውሰዱና ከእሱ ላይ የፊተኛውን ሶል ውፍረት ይቀንሱ። ታኮው 9 ሳንቲሜትር፣ የፊት ሶሉ 3 ሳንቲሜትር ቢሆን እግርዎ የሚቆምበት ትክክለኛ ቁልቁለት 6 ሳንቲሜትር ነው። በዚህ ምክንያት ፊቱ ወፍራም የሆነ ጫማ ከሚመስለው ይልቅ ለጣቶች ይቀላል፤ ነገር ግን እግርን ከመሬት ስለሚያርቀውና ሶሉም ስለማይተጣጠፍ ሲጠመዘዝ የሚያመጣው ወለምታ የከፋ ነው። ለሥራና ለዕለት መዋያ ትክክለኛ ቁልቁለቱ ከ4 እስከ 5 ሳንቲሜትር የማይበልጥ፣ ታኮው ከተረከዝ ሥር በትክክል መሀል ላይ የተተከለ፣ ቁርጭምጭሚት ላይ የሚታሰር ማሰሪያ ያለውና ሶሉ የማያንሸራትት ጫማ ቢመርጡ ይሻላል። ማሰሪያው ጌጥ ብቻ አይደለም፤ ማሰሪያ በሌለው ጫማ ጣቶች ጫማው እንዳይወልቅ ሲሉ ሳያውቁት ቀኑን ሙሉ ተኮማትረው ይውላሉ። ቆመው ሲሞክሩት ከረጅሙ ጣት ፊት አንድ ሳንቲሜትር ያህል ክፍት ቦታ መቅረት አለበት።

ዛሬ ብዙ ጫማ የሚሸጠው በቴሌግራም ስለሆነ፣ ሳይሞክሩ የሚገዙ ከሆነ ሻጩን ቁጥሩን ብቻ ሳይሆን የውስጥ ሶሉን ርዝመትና ሰፊውን ቦታ በሜትር ለክቶ ፎቶ እንዲልክልዎት ይጠይቁ። ከውጭ አገር በዘመድ የሚላክ ከሆነም የአሜሪካና የአውሮፓ ቁጥር ስለሚለያይ ያሰመሩትን ወረቀት ከነሳንቲሜትሩ ፎቶ አንሥተው መላክ ከብዙ ጭቅጭቅ ያድናል። ሰልባጅ ታኮ ጫማ ሲገዙ ጠረጴዛ ላይ አቁመው ከኋላ ይመልከቱት፤ ታኮው ወደ አንድ ጎን ካዘነበለ ወይም ጫፉ በአንድ በኩል ተበልቶ ከሆነ፣ የቀድሞዋ ባለቤት አረጋገጥ በጫማው ላይ ታትሞ ቀርቷልና ርካሽ ቢሆንም ይተዉት።

በታኮ መዋል

ታኮን በቀን የሚደረግ መጠን ያለው ነገር አድርጎ ማየት ይጠቅማል። ከቤት እስከ ሥራ ያለውን መንገድ በፍላት ጫማ ወይም በስኒከር ሄዶ ታኮውን መሥሪያ ቤት መቀየር፣ ታኮ ካደረጉበት ቀን ማግሥት ዝቅተኛ ጫማ ማድረግ፣ በተቀመጡ ቁጥርም ጫማውን አውልቆ ቁርጭምጭሚትን ማዞር እያንዳንዱ ቀላል ነው። አዲስ ታኮ ከሆነ መጀመሪያ ቤት ውስጥ ለአጭር ጊዜ እያደረጉ ይልመዱት። ለሠርግ የተገዛ ጫማ በሠርጉ ዕለት ጠዋት ለመጀመሪያ ጊዜ ከሣጥኑ ሲወጣ ምሽት ላይ ሙሽራዋና ሚዜዎቿ በባዶ እግራቸው እስክስታ ሲወርዱ ማየት የተለመደ ነው። ከሠርጉ ሁለት ሳምንት ቀደም ብሎ መለማመድ ከጀመረች ጫማው የት እንደሚፈትግ ታውቀዋለች፤ ለእራት ሰዓትም ከቀሚሱ ጋር የሚሄድ ዝቅተኛ ጫማ ማስያዝ ትችላለች።

ኮብልስቶን ለቀጭን ታኮ ጠላቱ ነው፤ በድንጋዮቹ መካከል ያለው ክፍተት የታኮውን ጫፍ ይይዝና ሰውነት ወደ ፊት ሲሄድ እግር ወደ ኋላ ይቀራል። የፍሳሽ መውረጃ ፍርግርግና ክዳኑ የተሰበረ ጉድጓድም እንዲሁ ናቸው። እንዲህ ባለ መንገድ መሄድ ግድ ከሆነ እርምጃን ማሳጠር፣ ስልክ እያዩ አለመሄድና ሁለት እጅን በዕቃ አለመሙላት ያስፈልጋል። ከሚኒባስ ሲወርዱ መኪናው ፈጽሞ እስኪቆም ይጠብቁ፤ ረዳቱ ቢያጣድፍዎትም በመጀመሪያ መሬት የሚነካው እግር ሙሉ በሙሉ እስኪረግጥ የበሩን መያዣ አይልቀቁ። ደረጃ ሲወጡ የጫማው ፊተኛ ክፍል በሙሉ በደረጃው ላይ ይረፍ፤ ሲወርዱ መደገፊያውን ይያዙ። መኪና የሚነዱ ከሆነ ታኮውን አውልቀው ዝቅተኛ ጫማ ያድርጉ፤ ረጅም ታኮ ከምንጣፉ ጋር ሊያያዝ ይችላል፣ ፍሬን ላይ ያለውንም ስሜት ያጠፋል።

የታኮው ጫፍ ላይ ያለው ትንሽ ጎማ ሲያልቅ ሚስማሩ ወጥቶ በሴራሚክ ወለል ላይ እንደ በረዶ ያንሸራትታል። በወር አንድ ጊዜ ገልብጠው ይመልከቱትና ለጫማ ሰፊ ሰጥተው ያስቀይሩት፤ ሁለቱንም ጫማ በአንድ ጊዜ ያስቀይሩ፣ አለበለዚያ አንዱ ጫማ ከሌላው ያጥራል።

ከጣቶች ሥር የሚያቃጥላቸው ሰዎች ስፖንጅ ገዝተው በትክክል በሚያማቸው ቦታ ላይ ይለጥፉታል፤ ይህ ግን የሚያመውን አጥንት ይበልጥ ከፍ አድርጎ ጫናውን ይጨምርበታል። ትንሿ ድጋፍ መቀመጥ ያለባት ከሚያመው ቦታ በስተ ኋላ፣ ወደ እግሩ መሀል ጥቂት ፈቀቅ ብላ ነው፤ አጥንቶቹን ከኋላ አንሥታ ስትለያያቸው ጫፋቸው ላይ የሚያርፈው ክብደት ይቀንሳል። ቦታውን ለማግኘት የሚያመው ነጥብ ላይ የከንፈር ቀለም ቀብተው ጫማውን አድርገው ሳይራመዱ ለአፍታ ይቁሙበት፤ ምልክቱ የውስጥ ሶሉ ላይ ሲታተም ድጋፉን ከምልክቱ ጀርባ ይለጥፉ።

ያጠረው ባትና ዝቅተኛ ጫማ

ለዓመታት ታኮ ያደረገች ሴት አንድ ቀን ፍላት ጫማ ስታደርግ ባቷንና ተረከዟን ያማታል፤ ከዚያም «ለእኔ ታኮው ነው የሚስማማኝ» ብላ ትመለሳለች። ስሜቱ እውነት ነው፣ መንስኤውም በ2010 (እ.ኤ.አ.) ተጠንቷል። ቢያንስ ለሁለት ዓመት አዘውትረው 5 ሳንቲሜትርና ከዚያ በላይ ታኮ ያደረጉ ሴቶች ከማያደርጉት ጋር ሲነጻጸሩ የባት ጡንቻቸው ክሮች ወደ 13 በመቶ ገደማ አጥረው፣ ጡንቻውን ከተረከዝ ጋር የሚያያይዘው የአኪለስ ጅማትም ወፍሮና ደርቆ ተገኝቷል። እንዲህ ያለውን እግር በአንድ ጊዜ መሬት ማስነካት ጅማቱንና የውስጠ እግሩን ሽፋን መጎተት ነው። ስለዚህ ታኮን ለመተው ወይም ለመቀነስ የወሰነች ሴት ከ9 ሳንቲሜትር በቀጥታ ወደ ስስ ፍላት ጫማ መውረድ የለባትም፤ በየሁለትና ሦስት ሳምንቱ ከ1 እስከ 2 ሳንቲሜትር እየቀነሰች ብትሄድና መጨረሻ ላይም ጥቂት ከፍታ ያለው፣ ተረከዙ የማይላላ ጫማ ብትለምድ ይሻላታል።

ቁመቱ ሲቀነስ ጎን ለጎን ባትን ማሳሳብ ያስፈልጋል። ግድግዳ ፊት ቆመው ሁለት እጅዎን ይደግፉ፤ አንዱን እግር ወደ ኋላ ወስደው ጉልበቱን ቀጥ፣ ተረከዙን ከወለሉ ጋር ልጥፍ አድርገው ወደ ግድግዳው ያዘንብሉ። ጣቶቹ ወደ ውጭ ሳይዞሩ ቀጥታ ወደ ግድግዳው ማየት አለባቸው፤ ከዞሩ ባቱ አይሳብም። 30 ሰኮንድ ቆይተው ይለውጡ፤ ለእያንዳንዱ እግር ሦስት ጊዜ። ከዚያ ያንኑ የኋላውን ጉልበት ትንሽ አጥፈው ይድገሙት፤ በዚህ ጊዜ የሚሳበው ከሥር ያለው ሁለተኛው የባት ጡንቻ ነው፣ ብዙዎችም ይረሱታል። አንድ ሁለት ሳምንት ከሠሩ በኋላ ደረጃ ላይ በእግር ፊት ብቻ ቆመው፣ መደገፊያውን ይዘው፣ ተረከዝዎን ቀስ ብለው ከደረጃው በታች ማውረድ ይችላሉ። ተረከዝዎ ላይ ስለታም ሕመም ካለ ግን ይህን ከመጀመርዎ በፊት የፊዚዮቴራፒ ባለሙያ ያነጋግሩ።

የጎን ጡንቻዎችም መዘንጋት የለባቸውም። በደቡብ ኮሪያ ለበረራ አስተናጋጅነት የሚሠለጥኑና በትምህርት ቤት ረጅም ታኮ የሚያደርጉ 40 ተማሪዎች ሲለኩ፣ ታኮ የለመዱት የሁለተኛ ዓመት ተማሪዎች ከጀማሪዎቹ ይልቅ አንዳንድ የቁርጭምጭሚት ጡንቻዎቻቸው ጠንክረው ነበር፤ የሦስተኛና የአራተኛ ዓመቶቹ ግን ጡንቻዎቻቸው ተዛንፈው ሚዛናቸውም ደክሞ ተገኝቷል። ጥርስ ሲቦርሹ በአንድ እግር መቆም፣ ፎጣ ወለል ላይ አንጥፎ በጣት መሰብሰብና በባዶ እግር ቤት ውስጥ መሄድ ጊዜ የማይወስዱ ልምምዶች ናቸው።

ታኮን ለጊዜው ማቆም ያለባቸው ሰዎች አሉ። በእርግዝና ወቅት ክብደቱ ወደ ፊት ስለሚሄድ፣ ጅማቶችም ስለሚላሉና እግር ስለሚያብጥ የመውደቅ አደጋው ይጨምራል፤ ዝቅ ያለና ሰፊ ታኮ ይበቃል። የስኳር ሕመም ያለበት ሰው የእግሩ ነርቭ ተጎድቶ ከሆነ ጫማው ሲልጠው አይሰማውም፤ ስለዚህ ጠባብና ሹል ጫማ ፈጽሞ አይሆነውም፣ እግሩንም በየማታው በመስተዋት ማየት ይኖርበታል። አጥንታቸው ገና ያልጠና ልጃገረዶች ለምረቃ አንድ ቀን ቢያደርጉ የሚያስጨንቅ አይደለም፤ ለዘወትር ግን አይሁን።

ችላ የማይባሉ ምልክቶች

ከሦስተኛውና ከአራተኛው ጣት መካከል የሚነዝር፣ ጣቶቹን የሚያደነዝዝ፣ ጠጠር የረገጡ የሚያስመስልና ጫማ ሲወልቅ የሚቀል ሕመም በጣቶች መካከል የሚያልፈው ነርቭ ተጨምቆ ሽፋኑ እንደወፈረ ይጠቁማል፤ ሞርተን ኒውሮማ ይባላል። ቀደም ብሎ ከታወቀ ሰፊ ጫማና ድጋፍ ብዙ ጊዜ ይበቃዋል፤ ከቆየ ግን መርፌ፣ አንዳንዴም ቀዶ ሕክምና ይጠይቃል። በእግር ጀርባ ላይ በአንድ ጣት «እዚህ ጋ ነው» ብለው የሚያመለክቱት፣ በተራመዱ ቁጥር የሚብስና ያበጠ ሕመም ደግሞ የአጥንት መሰንጠቅ ሊሆን ስለሚችል የአጥንት ሐኪም ማየት አለበት። የመጀመሪያው ራጅ ላይ ስንጥቁ ላይታይ ይችላል፤ ሕመሙ ከቀጠለ ተመልሰው ይሂዱ።

የደነደነ ቆዳን በምላጭ መቁረጥ ልማድ የሆነባቸው አሉ፤ ለኢንፌክሽን ይዳርጋል፣ ጫማው እስካልተቀየረ ድረስም ቆዳው ተመልሶ ይደነድናል። በሞቀ ውኃ አርሶ በመፋቂያ ድንጋይ ቀስ በቀስ ማሳሳት ይሻላል። የስኳር ሕመም ያለበት ሰው ይህንንም ራሱ መሥራት የለበትም።

መሥሪያ ቤቱ ታኮ የሚያስገድድ ከሆነ

ታኮን የደንብ ልብስ አካል ያደረጉ መሥሪያ ቤቶች አሉ። በሌሎች አገሮች ጉዳዩ በሕግ ታይቷል፤ የካናዳዋ ብሪቲሽ ኮሎምቢያ እ.ኤ.አ. በ2017 በሥራ ቦታ ታኮ ማስገደድን ከለከለች፣ በዚያው ዓመት ፊሊፒንስ ቆመው ለሚሠሩ ሴቶች ከአንድ ኢንች፣ ማለትም ከ2.5 ሳንቲሜትር፣ ያልበለጠ ታኮ እንዲሆን የሥራ ሚኒስቴሯ ትእዛዝ አወጣ። በእኛም አገር የአሠሪና ሠራተኛ አዋጅ ቁጥር 1156/2011 አሠሪው የሠራተኞቹን ጤንነትና ደኅንነት እንዲጠብቅ ግዴታ ይጥልበታል። ጥያቄውን ለሰው ሀብት ክፍል በቃል ከማቅረብ ይልቅ በጽሑፍ ማቅረብና የሐኪም ማስረጃ ማያያዝ ይመረጣል፤ «ታኮ አልፈልግም» ከማለት ይልቅም «ቁመቱ ከ3 ሳንቲሜትር ያልበለጠ፣ ቀለሙ ከደንብ ልብሱ ጋር የሚስማማ ጫማ ይፈቀድልኝ» ብሎ የተወሰነ ነገር መጠየቅ መልስ ለማግኘት ይቀላል።

ወለም ሲል

በአሜሪካ ከ2002 እስከ 2012 (እ.ኤ.አ.) በታኮ ጫማ ምክንያት ለድንገተኛ ሕክምና የቀረቡ ጉዳቶች 123,355 እንደሚሆኑ ተገምቷል፤ ከግማሽ በላይ የሚሆኑት ወለምታና የጡንቻ መሳብ ሲሆኑ፣ ብዙ የተጎዱትም ከ20 እስከ 29 ዓመት ያሉት ናቸው። ታኮ ላይ ቁርጭምጭሚቱ ወደ ታች ስለተዘረጋ አጥንቶቹ እርስ በርስ አጥብቀው አይያያዙም፤ እግሩ ወደ ውስጥ ሲታጠፍ ሸክሙ በሙሉ በውጭው ጎን ባሉት ጅማቶች ላይ ይወድቃል።

ወዲያውኑ ጫማውን አውልቀው ይቀመጡ። በረዶ በጨርቅ ጠቅልለው ከ15 እስከ 20 ደቂቃ ያድርጉበት፣ በየሁለትና ሦስት ሰዓቱም ይድገሙት፤ በፋሻ ሳያጠብቁ አሥረው እግሩን ከልብ ከፍታ በላይ አድርገው ያሳርፉት። በመጀመሪያዎቹ ሁለትና ሦስት ቀናት ማሸትም፣ በሙቅ ውኃ መዘፍዘፍም እብጠቱን ያባብሳል። ራጅ ያስፈልግ እንደሆነ ለመለየት ሐኪሞች የሚጠቀሙበት ቀላል ዘዴ አለ፤ ከቁርጭምጭሚቱ ጉብታዎች በአንዱ የኋላ ጠርዝ ወይም ጫፍ ላይ አጥንቱ ሲጫን ካመመ፣ ወይም በትንሿ ጣት መስመር በእግሩ የውጭ ጎን መሀል ላይ ያለው ጉብታ ወይም በውስጥ በኩል ከቁርጭምጭሚቱ ፊት ያለው አጥንት ሲነካ ካመመ፣ ወይም ደግሞ አደጋው እንደደረሰም ሆነ በኋላ አራት እርምጃ መሄድ ካቃተ ራጅ መነሣት አለበት።

ራጅ ሳይነሡ ወጌሻ ዘንድ መሄድን በተመለከተ ቁርጥ ያለ ቃል መናገር ያስፈልጋል። ልምድ ያላቸው ወጌሾች እንዳሉ አይካድም፤ ነገር ግን ስብራት ያለበትን እግር ማሸት ጉዳቱን ያሰፋል፣ በቀርከሃና በጨርቅ አጥብቆ ማሰርም ደም እንዳይዘዋወር አግዶ እግር እስከ ማስቆረጥ ያደረሰባቸው ሰዎች በአገራችን ሆስፒታሎች ታይተዋል። ከታሰረ በኋላ ጣቶች ከቀዘቀዙ፣ ከጠቆሩ፣ ከደነዘዙ ወይም ሕመሙ ከመቀነስ ይልቅ ከበረታ ማሰሪያው በዚያው ሰዓት ይፈታና ወደ ሆስፒታል ይሂዱ።

ወለምታው የዳነ የሚመስለው እብጠቱ ሲጎድል ነው፤ ጅማቱ ግን ከዚያ በኋላም ሳምንታት ይፈልጋል፣ አንድ ጊዜ የተወለመ ቁርጭምጭሚትም ዳግመኛ የመወለም ዕድሉ ይጨምራል። ወደ ታኮ ከመመለስዎ በፊት በተጎዳው እግር ብቻ 30 ሰኮንድ ሳይንገዳገዱ መቆምዎን፣ ከዚያም ግድግዳ በጣት ነክተው ተረከዝዎን አሥር ጊዜ ያለ ሕመም ማንሣትዎን ይሞክሩ። ሁለቱም ከሆኑልዎት ሰፊ ታኮና ማሰሪያ ባለው ዝቅተኛ ጫማ ይጀምሩ፤ ካልሆኑልዎት ልምምዱን ይቀጥሉና ከሳምንት በኋላ ደግመው ይሞክሩ።